ሲስተር ራድካ ያገኘችው ልጅ

የበረኪና ሽታ ለብዙ ሰው የታጠበ ነጭ አንሶላ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ግን ፀጉሯ የደረሰ ገብስ የሚመስል፣ አጠር ያለች፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል አንዲት ነርስ ናት። ባለፈው ወር እህቴ ውድነሽ ሆዷን አሟት ከሮቤ ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ይዘናት ስል እኔና ናይደን ነን። ናይደን ውድነሽ የወለደችው ነው፤ ዛሬ ፂሙ ሸበት ያለ፣ ሮቤ ገበያው አጠገብ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ነው። «ልጇ ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን በቤታችን ይህ ቃል እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ለምን እንደማይወጣ ነው ዛሬ የምጽፈው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ ሰው ፊት ቆሜ መናገርም ድሮውንም አይሆንልኝም። በጽሑፍ ግን ፊቴን የሚያየኝ የለም።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ የወለሉ በረኪና ሸተተኝ። ናይደን ካርድ ሊያወጣ ሄዷል። ውድነሽ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ፣ «ብርቄ፣ ያን ጊዜ የቆምሽበት በር ያ ነው አይደል?» አለችኝ። በሩን ዛሬ ሰማያዊ ቀብተውታል። ያው ነው። «ሞት እንግዲህ እኔን ነው የሚያየው፤ ሌላ ሰው አይፈልግም» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ያለችው ወዲያው አልገባኝም። እኔ በሐሳቤ ወደዚያ ዘመን ሄጄ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ጎባ ነው። ትልቋ ጎባ ነበረች፤ ሮቤ ገና ሜዳ ላይ የተበተነ ቆርቆሮ ነበረች። ከጎባ ሮቤ በጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ጓዝ ያለው አሥር ሳንቲም ይጨምራል፣ ፈረሱ ዳገት ላይ ሲደክመው ደግሞ ከፋዩ ወርዶ ይገፋል። አንድ ጣሳ ቅቤ አራት ብር ሲገባ ሴቶች «ዘንድሮስ ገደሉን» ብለው ነበር። እኔ አንዲት ውኃ ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እለብሳታለሁ፣ ሰኞ አጥቤ አጥር ላይ አሰጣታለሁ፣ ከሳነቴ ተራራ በሚወርደው ውርጭ ደርቃ እንደ ቆርቆሮ ትቆማለች። እግራችን የጎማ ጫማ ነው፤ ማለዳ ሲቀዘቅዝ ይነክሳል፣ ቀን ሲሞቅ ያንሸራትታል። ከሻይ ቤቱ ጥግ ላይ ያለው ቴፕ ከጠዋት ጀምሮ አንድ የክራር ዘፈን ነበር የሚያሰማው፤ ካሴቱ አንድ ብቻ ስለነበር ይመስለኛል። የከተማው ሰው ሁሉ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል፣ የዘፋኙን ስም የሚያውቅ ግን አልነበረም። ካኪ የለበሱ ሰዎችም በዝተው ነበር፣ ስብሰባም በዝቶ ነበር። ስለዚያ የሚጽፍ አይጠፋም።

አያታችንን እማማ አርገኔ ነበር የምንላቸው። አርገኔ በኦሮምኛ «አገኘን» ማለት ነው። አባታቸው ጠመንጃ ይዘው ከሰሜን ከመጡት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ታዲያ ልጃቸው ይህን ስም ከየት አመጣች? እማማ ሲያወሩልን፣ በሕፃንነታቸው ጎባ ከተማ አልነበረችም፣ በእንጨት አጥር የተከበበች የወታደር ሰፈር ነበረች። እናታቸው ደጋውን አልለመደችውም፤ የወለደቻቸው ሁሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱባታል። ከአጥሩ ወዲያ አዴ ሎኮ የምትባል የአገሬው ሴት ነበረች። የአዴ ሎኮ ከብቶች ይውሉበት የነበረው መስክ ለእማማ አባት ተሰጥቷል፤ መሬቱ ሲሰጥ ግን አዴ ሎኮን የጠየቃት አልነበረም። ወንዶቹ አይን ለአይን አይተያዩም። ሴቶቹ ግን የሚቀዱት ከአንድ ወንዝ ነው፤ ከቶጎና። አዴ ሎኮ የእማማን እናት ሆድ ደጋግሞ ሲገፋ አይታለች፣ እንስራ ተሸክማ ስትመለስ ጀርባዋ ላይ ልጅ እንደሌለም አይታለች።

«ሞት ቤታችሁን ለምዶታል» አለቻት አንድ ቀን። «ከዚያ በር የሚወጣውን ሁሉ ያውቀዋል። የሚቀጥለውን መንገድ ላይ ጣዪው፤ እኔ አገኘዋለሁ።»

እንደተባለውም ሆነ። የተወለደችው ሕፃን ሰፌድ ላይ ተደርጋ መንታ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። አዴ ሎኮ እንደ መንገደኛ መጥታ ቆመች፤ «ካን ኤኙቲ? የማን ናት?» ብላ ጠየቀች። መልስ የለም። ደግማ ጠየቀች፣ ሠለሰች። ማንም ትንፍሽ አላለም። «እንግዲያ የኔ ናት» ብላ አነሳቻት፣ አርገኔ አለቻት፣ አጥሩን ገብታም ለወለደቻት ሴት ሰጠቻት፤ «አሳድጊልኝ» ብላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናት «ልጄ» ማለት አትችልም፤ ሞት ይሰማልና። «እናቴ አፈር እስክትገባ የሎኮ ልጅ እንዳለችኝ ናት» ይሉ ነበር እማማ። «ሎኮ ግን ልጄ ትለኝ ነበር። ሁለት እናት ነበረኝ፤ አንዷ አፏን እንደዘጋች ሄደች።» ይህን ሲናገሩ አያዝኑም ነበር። ብቻ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል።

ውድነሽ በተራዋ እንዲሁ ሆነባት። የመጀመሪያውን ተስፋዬ አልነው፤ አልቆየም። ሁለተኛዋን የፊተኛውን ታስረሳን ብለን ማስረሻ አልናት፤ እሷም አልቆየች። ሦስተኛው ወንድ ሲሆን እማማ አርገኔ ስም እንዳይወጣለት አዘዙ። አገኚዋም ታሰበች፤ የአዴ ሎኮ የልጅ ልጅ፣ ከቶጎና ማዶ ወተት የምታመጣልን አዴ ፋጡማ። ረቡዕ ገበያ ማለዳ፣ ከቤታችን በታች ባለው መንታ መንገድ።

«ማን ያስቀምጠው?» አለች ውድነሽ፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች።

«ብርቄ ናታ!» አሉ እማማ። «ይቺ ልጅ ጎረቤት እሳት ጫሪ ሲሏት ደጃፍ ቆማ ፍሙን በዓይኗ ለምና ባዶዋን የምትመለስ ናት። ዝም ማለት እንደሷ የተሰጠው ማን አለ?»

ውድነሽ ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። እማማ ግን ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ስሚ ብርቄ። አገኚዋ የማን ነው ስትል ከቤታችን አንድ ሰው ቃል ከተነፈሰ አለቀ። የኛ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ሁለቱን የወሰደ ሦስተኛውንም ያውቀዋል።»

ረቡዕ ማለዳ ጉም ወርዶ አምስት እርምጃ አያሳይም ነበር። ሕፃኑን በባና ጠቅልዬ ሰፌዱ ላይ አስቀመጥኩትና ከቁልቋሉ አጥር ኋላ ተደበቅሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ በየአጥሩ ቀዳዳ ዓይን አለ። አዴ ፋጡማን ጠበቅናት፣ ቀረች። ሌሊት ሳነቴ ላይ ዘንቦ ቶጎና ሞልቶ እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። ከጉሙ ውስጥ የወጣችው ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች፣ እንቁላል ልትገዛ ዘንቢል ያንጠለጠለች፣ የሆስፒታሉ ሲስተር ራድካ ነበረች።

ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ውስጥ ከቡልጋሪያ የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ሲስተር ራድካ የምታውቀው አማርኛ የሕመምተኛ ክፍል አማርኛ ብቻ ነው፤ «የት ያምሻል»፣ «ተነሽ»፣ «አስታማሚ ውጣ»፣ «የማን ነው»። ሕፃኑን ስታየው ዘንቢሏን ጣለች። ተንበርክካ ጉንጩን ነካች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ተነስታም ወደ አጥሮቹ ጮኸች።

«የማን ነው?»

አጥሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ከኔ ጀርባ አንዲት ጎረቤት «ኧረ ጉድ!» ልትል አፏን ከፍታ በመዳፏ ያዘችው።

«የማን ነው?»

እጄ አፌ ላይ ነው። ብናገር የእማማን ቃል አፈረስኩ። ዝም ብል የእህቴን ልጅ ፈረንጅ ልትወስደው ነው። በሕይወቴ ሙሉ ዝም ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

«የማን ነው?» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፤ ድምፅዋ ለቅሶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማንም አልመለሰም። በቋንቋዋ የሆነ ነገር ብላ ሕፃኑን ካፖርቷ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሆስፒታሉ ሮጠች። ዘንቢሏ መንገዱ ላይ ቀረ።

ተከተልኳት። በሩ ላይ ዘበኛው በዱላው አገደኝ። «ካርድሽ?» አለኝ። አልመለስኩም። «ድዳ ነሽ እንዴ?» አለ። ያ ዛሬ ሰማያዊ የተቀባው በር ያን ጊዜ ቀለም አልነበረውም፤ የእንጨቱን ስንጥቅ እያየሁ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ውድነሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እማማ አጠገቧ ናቸው።

«ጠየቀች?» አሉኝ እማማ።

«ጠየቀች።»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ።»

«የመለሰ የለም?»

«የለም።»

እማማ ሳቁ። «እንግዲያ ተገኘ!»

«ምኑ ነው የተገኘ?» አለች ውድነሽ። «ጠፋ እንጂ!»

በዚህ መሐል አዴ ፋጡማ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ የወተት ጮጮዋን እንደያዘች ገባች። «ዋዮ! ሙጫኮ ኤሳ ጂራ? ልጄስ የት አለ?»

«ተቀደምሽ ፋጡማ! ፈረንጅ ወሰደችው» አሏት እማማ።

«ፈረንጅ? እኔ ስም ስመርጥ ያደርኩትን!» ብላ ጮጮዋን አስቀምጣ ጉንጯን ይዛ ቀረች። ሳቅም ለቅሶም አልሆነላትም።

ሳቁ የቆመው ጎረቤታችን ጋሽ ታምሩ፣ ቁስል የሚያሽጉት የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ በብስክሌት እያለከለኩ ሲመጡ ነው። «እናንተ ሰዎች ምን ሠራችሁ? ልጁ የተጣለ ነው ተብሎ ከሰዓት በኋላ በሚሄደው መኪና ወደ ማሳደጊያ ሊላክ ነው። ሲስተር ወተት በጡጦ ትሰጠዋለች፣ አልጠባም ብሏል።» ውድነሽ ብድግ አለች። «ሄጄ ልጄ ነው እላለሁ።»

እማማ አልከለከሏትም። «በይ» አሏት፤ «እናቱ አንቺ ነሽ። ብቻ የሞቱትን ሁለቱን አስቢያቸው።» ውድነሽ ነጠላዋን እያገለደመች ወጣች። ሁላችንም ተከተልናት።

ክፍሉ ውስጥ በረኪና ይሸታል። ሲስተር ራድካ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጡጦውን ወደ አፉ ስታስጠጋ እሱ ፊቱን ያዞራል፣ ይጮኻል። ውድነሽ ደፍ ላይ እንደቆመች ጩኸቱን ስትሰማ የቀሚሷ ደረት በወተት ራሰ። ሲስተር ቀና ብላ ያን አየች። ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ እንደማለዳው ሳትጮኽ፣ በቀስታ፣ «የማን ነው?» አለች።

የውድነሽ አፍ ተከፈተ። ሊወጣ ያለውን ቃል እኔ አየሁት። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ከክፍሉ ሰው ሁሉ በፊት የተሰማው የኔ ድምፅ ነው።

«ያንቺ ነው ሲስተር! አንቺ ነሽ ያገኘሽው!»

በሩ ላይ የተከተለን ዘበኛ፣ «ውይ፣ ትናገራለች ለካ!» አለ። እኔ ወደ ጥጉ ሸሸሁ። ጋሽ ታምሩ ከሐኪሞቹ ጋር ሲውሉ ቋንቋቸውን በመጠኑ ለምደው ነበር፤ በእጃቸውም በአፋቸውም እያደረጉ አስረዷት። ሰፌዱን፣ መንታ መንገዱን፣ የሞቱትን ሁለቱን፣ ሦስቱን ጥያቄ። «በአገራችን ልጅ መስረቅ ያሳስራል፤ አንቺ ግን በደንቡ ነው የሰረቅሽው» ብለው ጨረሱላት። ሲስተር አልሳቀችም። ሕፃኑን አየችው፣ እማማን አየች፣ «ናይደን» አለች። ደግማም «ናይደን፣ ናይደን» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ጋሽ ታምሩ እያቆራረጡ የተረጎሙልን ይህን ነው። በሷ አገር መንደሮችም ልጅ የሚሞትባቸው ሰዎች አዲሱን መንገድ ላይ ያስቀምጡታል፣ አስቀድሞ ያገኘው መንገደኛ ያነሳዋል፣ ስም ያወጣለታል። ወንድ ከሆነ ናይደን ይባላል፤ የተገኘ ማለት ነው። የአባቷ አባት ናይደን ነበር። እሷ ይህ ነገር የአያቶቿ ዘመን ወሬ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ባሕር ተሻግራ መጥታ ራሷ አገኚ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ስለ ስም የተወራውን አልረሳውም። ውድነሽ ሕፃኑን እያጠባች፣ አዴ ፋጡማ ወተቷን ለሲስተር ቀድታ እየሰጠች፣ ሁሉም ስም ይጠራል። «ስቶያን» አለች ሲስተር፤ ቁም፣ እዚሁ ኑር ማለት ነው። «ዢቭኮ» ሕያው ማለት ነው። «ዝድራቭኮ» ጤና ነው፤ ይህን ለመጥራት ጋሽ ታምሩ ሦስቴ ምላሳቸውን ነከሱ። «ቨልኮ» ተኩላ ነው፤ በሽታ ፈርቶት እንዲሸሽ። «ፅቬታ» አበባ፣ «ናደዥዳ» ተስፋ፣ የሷ የራሷ ራድካ ደግሞ ደስታ። እማማም በበኩላቸው ይቆጥራሉ፤ ቆየ፣ ይኑር፣ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ። አዴ ፋጡማ «ጂራ» አለች፤ አለ፣ ይኖራል ማለት ነው። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ሳዳምጥ አንድ ነገር ታየኝ። የነሱ ስም ሕፃኑን ያናግረዋል፤ ቁም፣ ኑር ይለዋል። የኛዎቹ ካሳና ምትኩ ግን የሞተውን ነው የሚያናግሩት። ሕፃኑ በሌላ ሰው ሐዘን ሲጠራ ይኖራል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ያን ቀን የመናገር ድርሻዬን ጨርሼ ነበር።

በመጨረሻ እማማ ሲስተርን አንድ ቃል አስተማሯት። እሷም ሕፃኑን ከውድነሽ ወስዳ፣ መልሳ እቅፏ ውስጥ አስቀምጣ፣ እንደ ተማሪ እየቆራረሰች «አሳ-ድጊ-ልኝ» አለቻት። ጋሽ ታምሩ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር እንዴት እንደተስማሙ አላውቅም፤ መኪናው ያለ ልጁ ሄደ።

ናይደን ቆየ። ቄሱ የክርስትና ስም ሰጡት፤ በዚያ የጠራው ግን የለም። ሲስተር በአገሯ አቆጣጠር መጋቢት ሲገባ ቀይና ነጭ ክር ገምዳ እጁ ላይ አሰረችለት፤ የአገሯ ልማድ ነው አለች፤ እማማም ከማተቡ ጋር አይጣላም ብለው ተዉት። አንድ በጋ ላይ አገሯ ተጠርታ ሄደች፤ ስትሰናበት ልጁን ሳይሆን ውድነሽን ነበር አቅፋ ያለቀሰችው። የሰፈር ልጆች «ጥቁር ፈረንጅ!» ይሉት ነበር። ውድነሽ ደግሞ ቃሏን ጠበቀች። «የሲስተር ልጅ በላ?» ትላለች። «የሲስተር ልጅ አተኮሰው» ትላለች፤ ሌሊቱንም አጠገቡ ተቀምጣ ታነጋለች። ሲዳርም «የሲስተር ልጅ አገባልኝ» ብላ እልል አለች። እሱ «ውድዬ» ይላታል። ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ቶጎና ዳር ልብስ ሳጥብ መጣና፣ «አክስቴ፣ ውድዬ ለምን ልጄ አትለኝም?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝና፣ «እሺ፤ ስንት ዓመት ሲሆነኝ ትለኛለች?» አለ። እማማ አርገኔ ነበሩ ትዝ ያሉኝ፤ ከወለደቻቸው እናት አፍ «ልጄ» የሚለውን ሳይሰሙ አርጅተው የሞቱት። ልብሱን ጨመቅሁ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ውድነሽን አስተኟት። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፤ ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል። ሐኪሙ ሊዞር ሲል አንዲት ወጣት ነርስ ገባች። «አስታማሚ ይውጣ! ለአንድ በሽተኛ አንድ ሰው ብቻ!» ሰው እየተጋፋ ወጣ። ናይደን የአጥሚቱን ፔርሙዝ ይዞ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

«ይሄ ሰውዬ የማን ነው?» አለች ነርሷ።

ከየአልጋው ዝም አሉ። የነሱ አይደለምና። እኔም አፌን ከፍቼ በድሮው ልማድ መልሼ ዘጋሁት።

«የማን ነው እኮ?»

ናይደን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ። እሱም ለምዶታል።

«ኧረ የማን ነው?»

ውድነሽ ከትራሱ ራሷን አነሳች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

«የኔ ነው።»

ነርሷ፣ «እሺ እማማ፣ ከእርስዎ ጋር ይቀመጥ» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ውድነሽ ኮሪደሩ ላይ ስለ ሞት ያለችኝ ያኔ ገባኝ፤ እሷን ሲያይ እሱን አይፈልገውም። ናይደን እርምጃውን መሐል ላይ አቁሞ ቀረ። ብረት በሚያጥፍ እጁ ፔርሙዙን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ወደ እሷ ዞረ። ውድነሽ ጋቢዋን አስተካከለች፣ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች፣ እንደ ማንኛዋም እናትም ተቆጣችው።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሳይቀዘቅዝ ቅዳልኝ እንጂ፣ ልጄ።»